ለጥቂት ሰዓት ልጅ ለሚይዝልን ሰው ስንት እንክፈል? ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ወላጆች

ቅዳሜ ሰርግ ተጠርታችኋል። ልጆቹን የምትይዝ ሰው ተገኝታለች። ቀኑም አድራሻውም ተነግሯታል። ስለ ክፍያ ግን አንድም ቃል አልተነሳም። ማታ ስትመለሱ በሩ ላይ «ስንት ልስጥሽ?» ትላላችሁ። «ኧረ የፈለጋችሁትን» ትላለች። ኪሳችሁ ውስጥ የተገኘውን ትሰጣላችሁ። እሷም ፊታችሁ ላይ መቁጠር ነውር ስለሚሆንባት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ስትቆጥረው ቅር ይላታል፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ስትደውሉላት «ያን ቀን እንኳ ሥራ ነኝ» ትላችኋለች።

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ባለን ሰዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሁለቱም ወገን በይሉኝታ ስለተያዘ ነው። የኔ አቋም አጭር ነው፦ ዋጋውን አስቦ ቀድሞ መናገር ያለበት ከፋዩ ነው። ልጅ የምትይዘው ልጅት «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብላ እስክትጠይቅ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። አብዛኞቹ አይጠይቁም። በተለይ አዲስ የመጣች፣ ወይም የጎረቤት ልጅ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምታውቋት ከሆነች አፍ አውጥታ አትናገርም።

ከዚህ በታች ዋጋውን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደምታወጡት አሳያለሁ። የምጽፈው አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰዓት ስለሚያዝ ልጅ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትሠራ ሞግዚት ሌላ ጉዳይ ናት። «እሷ» እያልኩ የምጽፈውም ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ሴቶች ስለሆኑ ነው። ወንድ ቢይዝላችሁም ሂሳቡ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ሥራው «አልፎ አልፎ» መሆኑን አረጋግጡ

የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አልፎ አልፎ ልጅ የሚይዝን ሰው ከዝቅተኛ ደመወዝና ከኦቨርታይም ግዴታ ውጭ አድርጎታል። ግን «አልፎ አልፎ» የሚለው ልክ አለው። ሥራው የተቆራረጠና ቋሚ ያልሆነ መሆን አለበት። ሰውየውም ልጅ መያዝን መተዳደሪያው ያደረገ መሆን የለበትም። በደንቡ የሚሠራበት መለኪያ በሳምንት 20 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የኛ ሰው ሳያውቀው መስመሩን ያልፋል። ባልም ሚስትም ናይት ሺፍት ይሠራሉ እንበል። አንዲት ዘመድ በየሳምንቱ ሦስት ሌሊት፣ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ልጆቹን ትይዛለች። ይህ በሳምንት 24 ሰዓት ነው፣ ያውም በየሳምንቱ። «ትንሽ ታግዘናለች» ቢባልም በሕጉ ዓይን መደበኛ ሥራ ነው። ያኔ «ትራንስፖርትሽን» ብሎ 100 ዶላር ማስጨበጥ አይሆንም፤ በሰዓት የሚከፈል ደመወዝ ሊኖራት ይገባል።

ሌላም አለ። የምትይዘው ሰው ከልጆቹ ጋር የማይያያዝ የቤት ሥራ ከሠራች፣ ያ ሥራ በዚያን ዕለት ከቆየችበት ሰዓት ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አምስት ሰዓት ከቆየች አንድ ሰዓት ማለት ነው። የልጆቹን ሳህን ማጠብ ምንም አይደለም። ትናንት ክርስትና ተደግሶበት የቀረ የድስት ክምር ትቶላት መሄድ ግን ሌላ ነው። እንኳን ሕጉ፣ ኅሊናም አይቀበለውም።

2. ወለሉን እወቁ

በዚህ አካባቢ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ሕጉ ይለያያል። በዲሲ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ሆኗል፤ በየዓመቱ ጁላይ ላይም ይከለሳል። በሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያጠቃልለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ከፍ ያለ የራሱ መነሻ አለው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ዶላር ነው። የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ከ2009 ወዲህ ንቅንቅ ስላላለ ለኛ አይጠቅመንም።

«ሕጉ ካላስገደደኝ ይህን ቁጥር ለምን አየዋለሁ?» የሚል ይኖራል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ እናንተ ቤት ባትመጣ ያን ቅዳሜ ማታ የት ትሆን ነበር? ምናልባት ሬስቶራንት ትሠራለች፣ ቲፕም ታገኛለች። ምናልባት ጋራዥ ፓርኪንግ ካሸር ሆና ትቀመጣለች፤ እዚያ የሚከፈላት ከዝቅተኛው ደመወዝ አያንስም። ልጃችሁን መያዝ መኪና ከመጠበቅ ሊያንስ አይችልም። ስለዚህ ለአዋቂ ሰው የምትኖሩበትን ቦታ ዝቅተኛ ደመወዝ እንደ ወለል ያዙት። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ግን ወለሉ ላይ አትቁሙ። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ያለች ልጅ ድልድዩን ተሻግራ ዲሲ ብትሠራ ስንት እንደምታገኝ አሳምራ ታውቃለች።

3. የምትይዘውን ሰው እዩ

አሁን ከወለሉ ወደ ላይ እንሂድ። የሚከተለው የኔ ግምት ነው። የሰፈራችሁን ዋጋ ለማጣራት ደግሞ በዕድሜ የልጆቻችሁ እኩያ ያላቸውን ሁለት ሦስት ወላጆች ጠይቁ። ፕሌይግራውንድ ላይ ወይም በእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ብትጠይቁ ማንም አይደብቃችሁም።

ሃይስኩል የምትማር የጎረቤት ልጅ ከ12 እስከ 15 ዶላር ይበቃታል። ኮሌጅ የገባች ወይም ትንንሽ ወንድምና እህት ያሳደገች ከ16 እስከ 20። የራሷን ልጆች ያሳደገች አዋቂ፣ ወይም የመጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር (ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) የተማረች ከ20 እስከ 25።

ሲፒአሩን እንደ ጌጥ አትዩት። ጨቅላ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ እኔ ለዚህ ብቻ ሁለትና ሦስት ዶላር እጨምራለሁ። አሜሪካን ሬድ ክሮስ ከ11 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የቤቢሲቲንግ ሥልጠና ይሰጣል። የጎረቤታችሁን ልጅ በተደጋጋሚ የምትጠሯት ከሆነ ለሥልጠናው ክፈሉላት። ለእሷም ሙያ ነው፣ ለእናንተም እፎይታ ነው።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር፦ በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን መተው አይቻልም፤ የሚጠብቀውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላውና የሚታመን መሆን አለበት። «የ11 ዓመቷ ልጄ ታናሿን ትይዛለች» ብሎ መውጣት በሜሪላንድ ያስጠይቃል። ስለዚህ ለታላቂቱ ልጅ ስንት እንክፈል የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ይህን እዩ።

4. ሥራውን በትክክል ቁጠሩት

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እራቱን በልቶ ካርቱን አይቶ ይተኛል። የዘጠኝ ወር ሕፃንና የአራት ዓመት ልጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሥራው እጥፍ ነው። ጡጦ አለ፣ ዳይፐር አለ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ስለዚህ ለሁለተኛው ልጅ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ዶላር ጨምሩ። ጨቅላ ከሆነ ወደ 3 አድርጉት። አለርጂ ያለበት፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ወይም ልዩ እንክብካቤ የሚፈልግ ልጅ ካለ ከዚህም በላይ ይጨመራል፤ እሱንም አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ደርሳ ከምታውቀው ስልክ ላይ ትወቀው።

በራሷ መኪና ልጅ የምታመላልስ ከሆነ የነዳጁ ሂሳብ ከሰዓት ክፍያው ለብቻ ነው። የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ለ2025 ለሥራ መኪና ያወጣው ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነበር። መሄጃው 10 ማይል ከሆነ ደርሶ መልሱ 20 ማይል፣ ሂሳቡም 14 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር እንደ መለኪያ ብትይዙት ክርክር አይኖርም።

የሀበሻ በዓል የራሱ ዋጋ አለው። የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴው እኩለ ሌሊትን ያልፋል። ያን ሌሊት የናንተን ልጆች የምትይዝ የኛው ልጅ የራሷን ፋሲካ ትታ ነው። ኢድ ላይ የምትይዝላችሁም እንደዚሁ። ለእንዲህ ዓይነት ቀን የሰዓቱን ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ማድረግ ይገባል ባይ ነኝ። 20 የነበረው 30 ይሆናል። በዓሉ የሌላት ሰው ካገኛችሁ ደግሞ መደበኛው ይበቃል።

5. ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

ክፍያ ላይ የሚፈጠረው ቅሬታ አብዛኛው የሚመጣው ከሰዓት ቆጠራው ነው። ሦስት ነገር ላይ ከልባችሁ ተስማሙ።

አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚጀምረው እሷ እንድትደርስ በተባለበት ጊዜ ነው። አራት ሰዓት ድረሺ ተብላ፣ እናንተ ለባብሳችሁ አምስት ሰዓት ብትወጡ፣ ያ አንድ ሰዓት የሷ ነው። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ ሻይ ብትጠጣም ጊዜዋን ወስዳችኋል።

ሁለተኛ፣ ልጅ ሲተኛም ክፍያው አይቀንስም። «ልጆቹ በስምንት ሰዓት ተኝተዋል፣ ከዚያ በኋላ ቲቪ ነው ያየችው» የሚል አባባል እሰማለሁ። በፍጹም አልስማማበትም። ተነስታ መሄድ ትችላለች? አትችልም። እሳት ቢነሳ፣ ልጅ ቢያተኩሰው ተጠያቂዋ ማን ነው? እሷ ናት። የምትከፍሏት ለዚህ ኃላፊነት ነው። ልዩነት ሊኖር የሚችለው እዚያው አድራ፣ አልጋ ተሰጥቷት የምትተኛ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔ ለእንቅልፉ ሰዓት ቁርጥ ያለ አንድ ዋጋ መስማማት ይቻላል፤ ሕፃኑ እየነቃ የሚያስነሳት ከሆነ ግን ያም አይሠራም።

ሦስተኛ፣ መዘግየት። የሀበሻ ሰርግ የጥሪ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት እንደማይጀምር ሁላችንም እናውቃለን። ሙሽሮቹ አዳራሽ ሲገቡ እራት ያልፋል፣ ኬክ ሲቆረስ ሌሊት ይሆናል። ስለዚህ ስትነጋገሩ የምትፈልጉትን ሰዓት ሳይሆን በእውነት የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሯት። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ለተጨማሪው ጊዜ ከፍ ያለ ክፍያ ይኑር። 21 ዶላር ከሆነ ካለፈው ሰዓት በኋላ ያለው 25 ይሁን። ይህ የሚጠቅመው እሷን ብቻ አይደለም። እናንተም «አንድ ዘፈን ብቻ» እያላችሁ ስትቆዩ ሰዓታችሁን ታያላችሁ።

የሰዓት አቆጣጠሩንም አደራ። «አስር ሰዓት ነይ» ስትሏት በሀበሻ ከሆነ ከቀኑ 4:00 ነው፤ በአሜሪካ ከሆነ ማታ ነው። እዚህ አገር ያደገችው ልጅ በአሜሪካ ትሰማዋለች፣ ባለፈው ዓመት የመጣችው በሀበሻ። ቴክስት ላይ ቁጥሩን ከነፒኤሙ ጻፉት።

አሁን አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት የአራት ዓመትና የዘጠኝ ወር ልጆች አሏቸው። ነርሲንግ የምትማር ልጅ ከ4:00 ፒኤም እስከ ሌሊቱ 12:30 ትይዝላቸዋለች። መነሻው 18፣ ለሕፃኑ 3፣ በድምሩ በሰዓት 21 ዶላር። ስምንት ሰዓት ተኩል በ21 ሲባዛ 178.50 ይመጣል። 180 አድርገው ይሰጧታል። አሥር ደቂቃ ዘግይተው ቢመጡ 185።

180 ዶላር ለአንድ ሰርግ በዛ? ሊበዛ ይችላል። ሲበዛ ግን የሚቆረጠው ሰዓቱ ነው እንጂ የሷ ድርሻ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት ልጆቹን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለምሽቱ አዳራሽ ብቻ ጥሯት። ወይም ሰርጉ የተጠራ ሌላ ቤተሰብ ካለ ልጆቹን አንድ ቤት ሰብስቡ። እንዲህ ስታደርጉ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመደበኛው ሁለት ሦስተኛውን ይክፈል። በ21 ሂሳብ እናንተ 14፣ እነሱ 14፣ እሷ 28 ታገኛለች። ሁላችሁም ታተርፋላችሁ። ብቻ አራት አምስት ልጅ በአንድ ሰው ላይ አትከምሩ፤ በተለይ ሕፃን ካለ።

6. ንገሯት፣ ያውም ቀድማችሁ

ቁጥሩን ካወጣችሁ በኋላ የቀረው መናገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሁሉም ነገር ከቀኑ በፊት ይለቅ። ለወጣት ልጅ እንዲህ ብላችሁ መላክ ትችላላችሁ፦

«ሰላም የኔ ቆንጆ። ቅዳሜ ከ4:00 ፒኤም እስከ ሌሊቱ 12:30 ኤኤም ሁለቱን ልጆች ትይዥልኛለሽ? በሰዓት 21 ዶላር አስቤያለሁ። ከ12:30 ካለፍን ለዚያ 25። እራት አዘጋጅቼልሽ እሄዳለሁ። ካነሰ በግልጽ ንገሪኝ፣ ቅር አይለኝም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። ለሷ መናገር ፈቃድ ትሰጣታለች። ብትናገር ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ፊታችሁ አይጥቆር። 23 ካለችና አቅማችሁ ከፈቀደ እሺ በሏት። ካልፈቀደም «ከ21 በላይ አልችልም፣ ካልተመቸሽ እረዳለሁ» ማለት ጨዋነት ነው።

ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ለእናቷም ንገሩ። ብሩን ግን ለልጅቷ ስጡ። ለእናት ሰጥቶ «ለሷ ታደርጊላታለሽ» ማለት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የሠራችው ልጅቷ ናት፤ እጇ ላይ ይግባ።

በዕድሜ ለሚበልጧችሁ ደግሞ ንግግሩ ይለያል። የጓደኛ እናት ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው ሲሆኑ ብር ማንሳት የሚያስቀይም ይመስላል። አያስቀይምም፣ አነጋገሩ ካማረ።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ቢይዙልኝ ብዬ ነበር። ጊዜዎን ስለምወስድ በሰዓት 20 ዶላር አስቤያለሁ።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ የምን ብር ነው? የራሴ ልጆች አይደሉም እንዴ!»

«ናቸው እንጂ። ከርስዎ በላይ ማን አለኝ? ግን ካልተቀበሉኝ ሌላ ጊዜ ደግሜ ማስቸገር አፍራለሁ። እንዳልጠራዎት አያድርጉኝ።»

ይህ መልስ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። እውነትም ነው። በነፃ የተያዘ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ያሳቅቃል፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ እያላችሁ ትቀራላችሁ። አሻፈረኝ ካሉም አታስጨንቋቸው። ግን ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። ከኢትዮጵያ የመጣ በርበሬና ሽሮ፣ ጥሩ ቡና፣ ወይም ክሊኒክ የሚያደርስ መኪና ከብር በላይ የሚሆንላቸው ጊዜ አለ። በፖስታ አድርጎ «ለቡና» ብሎ መስጠትም ያው መክፈል ነው፤ ስትሰጡ ግን ሂሳቡን ሠርታችሁ ይሁን። ስምንት ሰዓት ለቆዩ ትልቅ ሰው 40 ዶላር በፖስታ ማድረግ ምስጋና አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ለቅሶ። ሰው ሞቶበት የሚሮጥን ጎረቤት ልጅ ለመያዝ ዋጋ አይነሳም። እሱ የሁላችንም ዕዳ ነው፣ ነገ በኛም ይደርሳል።

7. ብር ካጠረ ወንፈል አለ

ገበሬው ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ እያለ እርሻውን እንደሚተጋገዝ፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብም ልጅ በመያዝ ሊተጋገዝ ይችላል። አዲስ የመጡና ብር ያጠራቸው ቤተሰቦች ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኙም። እንዲጸና ግን መዝገብ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ አንድ የጋራ ኖት ክፈቱ። ቀን፣ የያዘው ቤተሰብ፣ ሰዓት፣ የልጅ ብዛት ብቻ ጻፉ። ሁለት ልጅ ለአራት ሰዓት የያዘ ስምንት ነጥብ ያገኛል። አንዱ ቤተሰብ ከ20 ነጥብ በላይ ሲበደር ዕዳውን ሳያቃልል ሌላ አይጠይቅ። ይህ ንፍገት የሚመስለው ሰው አለ። በኔ እምነት ዝምድናን የሚጠብቀው መዝገቡ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ የሚጫን ውለታ መጨረሻው ኩርፊያ ነው።

8. ስትሰርዙ

ሐሙስ ተነግሯት ቅዳሜ ጠዋት «ቀረ» ብትባል፣ ሌላ ሥራ መልሳ ይሆናል። ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከሰረዛችሁ ግማሹን ክፈሉ። በር ላይ ደርሳ ከሆነ ቢያንስ የሦስት ሰዓት ሂሳብ ይሰጣት። እሷ ብትቀር ደግሞ መቅጣት አይቻልም፤ ሁለቴ ከደገመችው ሌላ ሰው መፈለግ ብቻ ነው።

9. ታክሱን አትርሱ

አልፎ አልፎ ለሚያዝ ልጅ ይህ ክፍል ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ግን «አልፎ አልፎ» ሳይታወቅ «ሁልጊዜ» ይሆናል።

ለአንድ ሰው በዓመት የከፈላችሁት ከተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ በአይ አር ኤስ ዓይን የቤት ሠራተኛ ቀጣሪ ትሆናላችሁ። መጠኑ በ2025 2,800 ዶላር ነበር፤ ለ2026 3,000 ሆኗል። በየቅዳሜው አምስት ሰዓት፣ በ18 ዶላር ብትከፍሉ በሳምንት 90 ዶላር ነው። በ34ኛው ቅዳሜ 3,060 ይደርሳል። ገደቡ ሲደረስ ታክሱ ከገደቡ ባለፈው ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይታሰባል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻችሁ 7.65 በመቶ ነው፣ የሷም 7.65። ዓመቱን ሙሉ 4,680 ዶላር ብትከፍሉ የናንተ ድርሻ 358 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ከታክስ ፎርማችሁ ጋር ስኬጁል ኤች በሚባለው ተጨማሪ ቅጽ ይገባል፤ ለሷም የዓመቱን ደመወዟን የሚያሳየውን ደብልዩ-ቱ ቅጽ ትሰጧታላችሁ።

ዓመቱን ሙሉ ወይም በከፊል ከ18 ዓመት በታች የሆነች ተማሪ ከሆነች፣ ልጅ መያዝም ዋና ሥራዋ ካልሆነ፣ ይህ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አይመለከታችሁም። የጎረቤት ልጅ የሚጠሩ ወላጆች እዚህ ላይ ይተንፍሱ።

ከታክሱ የሚመለስም አለ። ልጃችሁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነና ሰው ያስያዛችሁት ሁለታችሁም ሥራ ስለምትገቡ ከሆነ፣ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ተይዞላችሁ ከፊሉ ከታክሳችሁ ይቀነሳል። የሚሞላው ፎርም 2441 ነው። ለሰርግ ያስያዛችሁበት አይቆጠርም፤ ለሺፍታችሁ ያስያዛችሁበት ይቆጠራል። የምትይዘዋን ሰው ስም፣ አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የታክስ ቁጥር መጻፍ ግን ግድ ነው። ካሽ ተሰጥቶ ምንም ሳይጻፍ ያለፈ ወጪ ለዚህ አይረዳችሁም። በዜል (በስልክ ብር መላኪያው) ከከፈላችሁ የመልእክቱ ቦታ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ኤፕሪል ላይ የታክስ ሠሪው ሲጠይቃችሁ ስልካችሁን ከፍታችሁ ታነባላችሁ።

በየዓመቱ ደግሞ ዋጋውን ከልሱ። እዚያው ሰው ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ ልጆቻችሁን ከናንተ እኩል ታውቃለች፤ የትኛው ጥርስ እየወጣ እንደሆነ፣ የትኛው ያለ መብራት እንደማይተኛ። በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ዶላር ጨምሩላት። እሱንም ሳትጠይቅ፣ ከመስከረም በፊት ንገሯት፤ ትምህርት ሲከፈት ሌላ ቤተሰብም ይፈልጋታል።